ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነበር

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ስርቆት የሚያወሩ ስለሆኑ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ እነሱን አቅርቤያለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። በወጣትነቴ ጣና ላይ መረብ ስጥል ኖሬያለሁ። ከዚያም ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መጋዘን 19 ዓመት ቁልፍ ይዣለሁ። አሁን ቤቴ ተቀምጬ መረብ እጠግናለሁ፤ የጀልባ ሞተርም እፈታለሁ። ዓሣ አስጋሪ ዕቃው ሲሰረቅ የሚጠፋበት ብረትና ክር ብቻ አይደለም፤ የነገ እንጀራው ነው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ቸኩዬ አላልፈውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዕድሜዬ 34 ነው። ጣና ላይ ከወንድሜ ጋር አሰግራለሁ። ባለፈው ጥር ማታ የጣልናቸውን ሰባት መረቦች ጠዋት ልናነሳ ስንሄድ አጣናቸው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተራችን ተወሰደ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ሌባው በሌላኛው በኩል የበሩን ማጠፊያ በካቻቪቴ ፈትቶ ነው የገባው። ሞተሩን የገዛነው በብድር ነው፤ ገና ከፍለን አልጨረስንም። አማቴ ሞተሩ ላይ አንድ ቦታ ሦስት ፊደላት ቀርጸውበት ነበር፤ ቦታውን በሌላ ወረቀት ጽፌልዎታለሁ። ለፖሊስ አመልክተናል። ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብድሩ ሳያልቅ ዕቃው ሲሄድ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ወር በገባ ቁጥር ለሌባው የምትከፍል ይመስልሃል።

መጀመሪያ መረቦቹንና ሞተሩን እንለያያቸው። የሞተሩ መሰረቅ አያጠራጥርም። የመረቦቹን ግን ገና አላመንኩም፤ ጣና ላይ የጠፋ መረብ ሁሉ የተሰረቀ አይደለምና። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ከያዘ ወዲህ፣ ነፋስ የገፋው አረም መረብን ከነድንጋዩ ጎትቶ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ፤ መረብ ውስጥ ከገባ በጣጥሶት ይወጣል። የሚያልፍ የሞተር ጀልባም ሳያውቅ ገመድ ይቆርጣል።

ታዲያ በምን ይለያል? በገመዱ ጫፍ ነው። ከድንጋዩ ጋር የቀረ ገመድ ካገኛችሁ ጫፉን በጣታችሁ ዳስሱት። በቢላ የተቆረጠ ናይለን ክሮቹ ሁሉ እኩል ቦታ ላይ ያልቃሉ፤ ጣትህ ላይ እንደ አዲስ የጥርስ ብሩሽ ይቆማል። ተፈትጎ ወይም ተጎትቶ የተበጠሰው ግን አንዱ ክር ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆኖ እንደ ፍየል ጢም ይንጨባረራል። ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ ቋጠሮው ተፈትቶ ካገኛችሁት የሰው እጅ ገብቶበታል፤ ቋጠሮ የሚፈታ ሌላ ፍጥረት የለም። ገመዱ ተበጥሶ ከሆነ ግን ሌባ ከመፈለጋችሁ በፊት ነፋሱ በነፈሰበት አቅጣጫ ያለውን ዳርቻ ሁለት ቀን አስሱ። ደንገሉ ውስጥ ገብታችሁ ፈልጉ፤ ከሩቅ አይታይም። አንድ ጊዜ አራት መረብ እንደ ጆንያ ተጠቅልሎ ደንገል ሥር አግኝተናል።

የመረቦቹን ዓይነት አልጻፍክልኝም። የተከለከለው ባለ ነጠላ ክር መረብ ከሆነ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ያ መረብ ርካሽ ነው፣ ውኃ ውስጥም አይታይም። ነገር ግን አንዴ ከእጅህ ከወጣ ሐይቁ ሥር ተቀምጦ ማንም የማያነሳውን ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል፤ ክሩ ቶሎ አይበሰብስምና። ለፖሊስም ደፍረህ የኔ ነው ልትል አትችልም። ሌባ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ባለቤቱ አፉን ሞልቶ የማይጠይቀውን ዕቃ ነው። የምትተካቸው ከሆነ በተፈቀደው መረብ ተካቸው።

ወሩ ጥር መሆኑ አልገረመኝም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ዓሣ ይፈለጋል፤ ዓሣ ሲፈለግ መረብ ይፈለጋል። በመጋዘኑ ዘመኔ «መረብ ጠፋብኝ» የሚል አባል ደጄ የሚበዛው ከጥር እስከ መጋቢት ነበር። መረብ የሚሰርቀውም ለጌጥ አይደለም፤ ዓሣ አስጋሪ ነው፣ ወይም ለዓሣ አስጋሪ የሚሸጥ ነው። ይህን ማወቅ መራራ ቢሆንም ይጠቅማል፤ መረብህ ከጣና አይርቅም ማለት ነውና። አንድ ቀን አንድ ጀልባ ላይ ወይም አንድ ዳርቻ ላይ ይታያል። ያን ቀን የአንተ መሆኑን ልታሳይ ትችላለህ ወይስ አትችልም? ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። በ1994 ዓ.ም. አብሮኝ የሚያሰግረው ጓደኛዬ አምስት መረብ ጠፋበት። ተንሳፋፊዎቹን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጦ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው፤ ስለዚህ በተንሳፋፊው መለየት አይቻልም። ነገር ግን እናቱ ጥልፍ ጠላፊ ነበሩና ከእሳቸው ቀይ የጥልፍ ክር እየወሰደ በየዘጠነኛው ተንሳፋፊ ቋጠሮ ውስጥ ይደብቀው ነበር። ከላይ ስታየው ነጭ ቋጠሮ ነው፤ በጥፍርህ ስትከፍተው ቀይ ክር አለ። ከሁለት ወር በኋላ መረቡን አንድ ሰው ዳርቻ ላይ ሲያደርቅ አየነው። ጓደኛዬ አልጮኸም፤ እጁንም አላነሳም። ሦስት ሽማግሌ ጠርቶ መጣና ሰውየውን «ይህ መረብ የአንተ ከሆነ ቋጠሮው ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው «ቋጠሮ ውስጥ ምን ይኖራል?» አለ። ጓደኛዬ ዘጠነኛውን ቆጥሮ ከፈተው፤ አሥራ ስምንተኛውን ከፈተው፤ ሃያ ሰባተኛውን ሊከፍት ሲል ሰውየው «ይበቃል» አለ። መረቡ ያኑ ምሽት ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ለማኅበራችን አባል ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው። ቁልፍ ሌባውን ያዘገየዋል፤ ምልክት ግን ዕቃውን ይመልሳል። ምልክቱ ሁለት ይሁን። አንደኛው በግልጽ የሚታይ፣ ሌባው አይቶ «ይህማ ይታወቃል» ብሎ እጁን እንዲያነሳ የሚያደርግ ነው፤ በእያንዳንዱ መረብ ጫፍ በተንሳፋፊው ላይ በጋለ ብረት የተጻፈ ስምህ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የተደበቀ ነው። እሱን ከአንተና ከአንድ የምታምነው ሰው በቀር ማንም አይወቀው፤ ጠላ ቤት ተቀምጠህ የምታወራው ነገር አይደለም። አማትህ የቀረጿቸው ፊደላት እንደዚህ ያሉ ስለሆኑ ቦታውን እዚህ አላተምኩትም፤ አንተም ከእንግዲህ ለማንም አትንገር።

ውኃ ላይ ላለው መረብ ሌላም ዘዴ አለ። የዳር ምልክት አድርገህ የምታንሳፍፈውን ጀሪካን አስቀርና የመረቡን ገመድ ከውኃው በታች አንድ ክንድ ያህል አስጥመው። ቦታውን በሁለት መስመር ትይዘዋለህ። ለምሳሌ የክብራን ገብርኤል ደሴት ጫፍ ከኋላው ካለ አንድ ኮረብታ ጋር ሲገጥም አንድ መስመር፣ የዘጌ ዳርቻ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ዛፍ ከሌላ ምልክት ጋር ሲገጥም ሁለተኛ መስመር ይሆንልሃል። ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ መንጠቆ ያለው ገመድ ጎትተህ ታነሳዋለህ። አባቶቻችን ያለ ምንም መሣሪያ እንዲህ ነበር የሚያገኙት። ጀልባ በሚበዛበት መስመር ላይ ግን አታድርገው።

ድሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት አልነበረም። ናይለን መረብና የሞተር ጀልባ ወደ ጣና በብዛት የገቡት በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የጣና ዳር ነዋሪዎቹ ወይጦዎች ከደንገል በሠሯት ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚያሰግሩት። ታንኳ ውኃ ስለሚመጥ በየቀኑ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ደንገሉም ብዙ ሳይቆይ ይበሰብሳል። ማንም አይሰርቀውም፤ የተሰረቀበትም ሰው ደንገል አጭዶ ሌላ ያስራል። ሞተሩ ሲመጣ ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ልፋት ሁለት ሰው ተሸክሞት በሚሄድ ዕቃ ውስጥ ተጠቃለለ። ባለ 15 ሞተር ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል ነው፤ አንድ ጎበዝ ብቻውን ይሸከመዋል።

ወደ በሩ እንምጣ። ጓጉንቸሩ ትልቅ እንደነበር እገምታለሁ። ሰው ሁሉ ለጓጉንቸር ይከፍላል፤ ማጠፊያውን ግን በእንጨት ብሎን ወደ ውጭ አድርጎ ያስመታዋል። ነገ በያጅ አምጣና ማጠፊያዎቹን ከብረቱ ጋር አስበይዳቸው። በሩ የእንጨት ከሆነ ብሎኑ ከወዲያ ወደዚህ ዘልቆ በውስጥ በኩል ዳዶው ጫፉ ላይ ይቀጥቀጥ። ቆርቆሮው ራሱም በር ነው፤ በመቀስ ይቀደዳል። ስለዚህ ክፍሉን ትተህ ዕቃውን እሰረው። ወለሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍረህ ባለ 12 ፌሮ እንደ ቀለበት አጥፈህ ሁለቱን እግሮቹን በሲሚንቶ ቅበራቸው። ሞተሩን ከዚያ ቀለበት ጋር በወፍራም ሰንሰለት ታስራለህ። ሰንሰለቱ በማይወልቅ አካሉ በኩል ይለፍ። በእጀታው በኩል ካለፈ እጀታውን ፈትተው ይወስዱታል።

ሞተሩ ጀልባው ላይ በሚያድርበት ቀን ደግሞ ሞተሩን ከጀልባው ጋር የሚያጠብቁትን ሁለት እጀታዎች ፊት ለፊት አግጥመህ በላያቸው ላይ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ የብረት ቱቦ አግባባቸው፤ ቱቦው ጫፍ ላይ ቁልፍ ይግባ። እጀታዎቹ ካልዞሩ ሞተሩ አይነሳም። ቱቦውን በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራልሃል።

መረብ አጥር ላይ ማድረቅም ይቅር። አንተ ታደርጋለህ አላልኩም፤ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን። አጥር ላይ የተሰጣ መረብ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ «እዚህ ቤት ዕቃ አለ» እያለ ይናገራል። ፀሐዩም ናይለኑን ያደርቀዋል። በንጹሕ ውኃ አጥበህ ከቤት ኋላ ጥላ ውስጥ አድርቀውና ከጣሪያው ማገር ላይ ስቀለው። መሬት ላይ ካደረ ዓሣ የሸተተውን ሁሉ አይጥ ይበላዋል፤ እሱም ሌላ ሌባ ነው።

አሁን ለጠፋው ሞተር ደግሞ ይህን አድርጉ። ደረሰኙን ፈልጉ፤ ደረሰኝ ከሌለ ሻጩ ወይም አበዳሪው የሞተሩን ቁጥር መዝግቦ ሊሆን ይችላልና ሄዳችሁ አስገልብጡ። ቁጥሩን ለፖሊስ ስጡና በመዝገቡ ላይ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ። ቀጥሎም ሌባው ባሕር ዳር ውስጥ እንደማይሸጠው እወቁ። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ዳርቻው ላይ ብዙ ከተማ አለ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ወደ ጎርጎራ፣ ወደ ደልጊ፣ ወደ ቁንዝላ፣ ወደ ደቅ ደሴት ላኩት። ለሞተር ጠጋኞች ስጧቸው፤ ሞተር ሁሉ አንድ ቀን ካንዴላ ይፈልጋል፣ ወደ ጠጋኝ መምጣቱ አይቀርም። ሞተሩ በሌላ ሰው እጅ ከተገኘ ደግሞ ራሳችሁ ልትነጥቁ አትሂዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ዕቃው የተገኘበት ሰው እንዲመልስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ነገር ግን ያ ሰው በቅን ልቦና ከሱቅ የገዛው ከሆነ የከፈለውን ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ከፖሊስ ጋር ሂዱ፤ ቁጥሩንና የአማትህን ፊደላት ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በመንጠቆ አምባዛ ያሰግራል። ዕቃውን የሚያስቀምጠው ቤታችን ውስጥ በአንድ የእንጨት ሳጥን ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ ያህል መንጠቆ፣ አንድ ጥቅል ናይለንና የግንባር ባትሪው ጠፉ። ሳጥኑ አልተሰበረም። ከእኛ ጋር የ17 ዓመት የእህቴ ልጅ ይኖራል። ባለቤቴ እሱን ጠርጥሯል። አማቴ ደግሞ «ዐዋቂ ዘንድ እንሂድ፤ በአንድ ቀን ይወጣል» ይላሉ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ምግብ አይበላም። ጨነቀኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከመንጠቆው በፊት የልጁን ነገር እንያዝ። መንጠቆ ይገዛል።

በመጋዘን ሥራዬ የሠራሁትን ትልቅ ስህተት ልንገርሽ። አንድ ማለዳ ስቆጥር ሦስት መረብ ጎደለ። ሌሊቱን የጠበቀው አንድ ወጣት ነበር፤ አባት የለውም፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ሌላ ሰው አልገባም፣ ቁልፉም አልተሰበረም፤ ስለዚህ እሱ ነው አልኩ። ሰው ፊት ነበር የተናገርኩት። ልጁ አልተከራከረኝም፤ ዝም ብሎ አየኝና ሥራውን ጥሎ ሄደ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሒሳብ ስናስተካክል ሦስቱን መረቦች እኔው ራሴ ለአንድ አባል በውሰት ሰጥቼ መዝገብ ላይ ሳልጽፈው እንደቀረሁ ታወቀ። እናቱ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ልጄ ወደ መተማ ሄዷል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እስከ ዛሬ ያቺ አስተያየቱ ከፊቴ አትጠፋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጋዘናችን ያለ ፊርማ አንዲት መንጠቆም አልወጣችም።

ያልተሰበረ ሳጥን ሌባው የቤት ሰው መሆኑን አያረጋግጥም። የእንጨት ሳጥን መክደኛው ከኋላ በኩል በትንሽ ማጠፊያ የተያዘ ነው፤ ያን አንስቶ መመለስ ቀላል ነው። ማጠፊያው አጠገብ አዲስ ጭረት እንዳለ እዪ። ባለቤትሽ ባለፈው ወር ለጓደኛ ያዋሰው ዕቃ እንዳለም በዝግታ ጠይቂው፤ ተቆጥቶ ሳለ አይደለም።

ስለ ዐዋቂው አማትሽን በአክብሮት እምቢ በያቸው። አገራችን ይህን መንገድ በደንብ ታውቀዋለች። ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነበር፤ አንድን ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ጢስ አጢሰውበት ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚያ እንደተዋረደ እግዚአብሔር ይወቀው። በሌላ በኩል ግን አባቶቻችን አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው፤ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በዚህኛው ውስጥ ጥበብ አለ፤ ጥያቄው ለሁሉ እንጂ ለአንድ ሰው አይቀርብም። ባለቤትሽም እንደዚያ ያድርግ። ከእሱ ጋር የሚያሰግሩትን ሁሉ፣ ቤታችሁ የሚገባውን ሁሉ «ይህ ይህ ጠፋብኝ፤ ያየ ይንገረኝ» ብሎ እኩል ይጠይቅ። የእህትሽንም ልጅ እንደ ሌሎቹ ይጠይቀው፤ ከሌሎቹ አስቀድሞ አይደለም፣ ለብቻውም አይደለም።

ዛሬ ማታ ደግሞ ልጁን ማዕድ ላይ አስቀምጪውና በእጅሽ አጉርሺው። እሱ ወስዶት እንኳ ቢሆን፣ የሚመልሰው የሚያጎርሰው ሰው ፊት ነው።

የቀረውን መንጠቆ በአንድ ረጅም ሰሌዳ ላይ በሃያ በሃያ ሰክታችሁ አስቀምጡት። አንድ ቢጎድል ባዶው ቀዳዳ ወዲያው ይታያል፤ መቁጠር አያስፈልግም። ሳጥኑን ከመኝታ ቤታችሁ አልጋ ሥር አድርጉት። ሌላ ባትሪ ሲገዛ ግን ባለቤትሽ ከራስጌው አጠገብ ያሳድረው፤ እሱ ለማንም የሚጠቅም ዕቃ ስለሆነ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነው የምኖረው። እዚህ ብዙዎቻችን ዓሣ ማጥመድ ለምደናል። ከቤቴ ጋር ከተያያዘው ጋራዥ ሦስት የማጥመጃ ዘንግ ከነክር መጠቅለያቸው ተወሰዱብኝ። በሩ አልተሰበረም። (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጋራዡን በር መክፈቻ ሪሞት ደጅ በምታቆመው መኪና ውስጥ ትተህ ታድራለህ? መኪናውን የከፈተ ሁሉ ጋራዡንም ይከፍታል። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገባው። ከጋራዡ ወደ ቤት የሚያስገባውን በርም ቆልፈው፤ ሰው የጋራዡን በር ተማምኖ ይተወዋል።

ለፖሊስ አመልክተህ የማመልከቻውን ቁጥር ያዝ። የቤት ኢንሹራንስህ የተሰረቀን ዕቃ ይሸፍናል ወይ ብለህ ጠይቅ፤ የዕቃው ዋጋ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት አንተ ራስህ ከምትሸፍነው የመጀመሪያ ድርሻ በታች ከሆነ ግን ባይጠየቅ ይሻላል። በአቅራቢያህ ያሉ ዕቃ እያስያዙ ገንዘብ የሚያበድሩ ሱቆችን ጎብኝ፤ ሻጩን መመዝገብ በብዙ ከተሞች ግዴታቸው ስለሆነ ያገለገለ ዘንግ እዚያ ከተገኘ ዱካው ይታወቃል። አዲስ ስትገዛ መጠቅለያውን ዘንጉ ላይ ከመግጠምህ በፊት እግሩ ሥር ያለውን ቁጥር በስልክህ ፎቶ አንሳው። ከተገጠመ በኋላ ስለማይታይ ብዙ ሰው ቁጥር እንዳለው እንኳ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎርጎራ ነው የምኖረው። ባለ 15 የፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ያገለገለ አንድ ሰው ሊሸጥልኝ መጥቷል። ከዋጋው ከግማሽ በታች ነው የሚለው። ደረሰኝ የለውም፤ «የሟች ወንድሜ ነው» ይላል። ላይኛው ሽፋን አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። የቁጥሩ ሰሌዳ ወድቋል። እንዴት ነው፣ ልግዛው? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ አትግዛው። ገንዘብህንም ቀብድ ብለህ አትስጠው።

ሻጩ ውሸታም ነው አላልኩም፤ ከላይ የጻፍኩትን አንብበሃል፣ ሁለተኛ ሰው ያለ ማስረጃ አልከስም። ግን እውነተኛ ከሆነ የሚጠይቁት ነገር አይከብደውም። የወንድሙ ሚስት ወይም ልጆች ይምጡ፤ መታወቂያውን ያሳይ፤ ውሉ በሦስት ምስክር ፊት ይጻፍ፤ ሞተሩም ከመግዛትህ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይታይ። በዚህ ተስማምቶ የሚመጣ ሻጭ ብዙ አይቻለሁ። «ቸኩያለሁ፣ ሌላ ገዢ አለ» የሚለውን ግን ተወው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ሳያውቅ የገዛውም ባለቤቱ ሲመጣ ሞተሩን አስረክቦ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነና የተቀባው ሽፋኑ ብቻ ከሆነ ከውስጥ በኩል የቀድሞው ቀለም አለ። የቁጥሩ ሰሌዳ የነበረበትን ቦታ በጥፍርህ ዳስሰው፤ ራሱ የወደቀ ሰሌዳ የሙጫ ቅሪት ይተዋል፣ በካቻቪቴ የተፈለቀቀ ግን ብረቱን ይጭራል።

የአንተ ደብዳቤና ከባሕር ዳር የመጣው ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ነው የደረሱኝ። አንድ ሞተር ነው አልልም፤ ባለ 15 ሞተር ጣና ላይ ብዙ ነው። ነገር ግን ሦስት ፊደላት የተቀረጹበት አንድ ሞተር አለ፤ የት ቦታ እንደተቀረጹም አውቃለሁ። ሻጩን አታስደንግጠው፤ «ልፈትሸው፣ ቅዳሜ ና» በለውና ሞተሩ ባለበት ሆነህ ወደ መጽሔቱ ቢሮ ደውልና እኔን ጠይቅ። የት ቦታ ገልብጠህ እንደምታይ በስልክ እነግርሃለሁ።